አንኮበር፤ ቤተ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ ከተማይቱ የኖረችበት ምክንያት

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሸዋ ደጋ ተቈርጦ ወደ አዋሽ በረሃ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የባላገር ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ያልፋል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው፣ እግሩ ሥር ገብስና ባቄላ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ጤፍ፣ ከዚያም ወዲያ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት አገር በአንድ ዕይታ ይታየዋል፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ማዶ የአፋር ሜዳ ይታያል። ወደ ኋላው ዘወር ቢል የሚያገኘው ውርጭ የሚመታው፣ በግና ገብስ የሞላበት የደጋ አገር ነው።

ይህች ከተማ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን የሸዋ ገዥዎችና ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ስለዚህም ስሟ በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያወራው የቤተ መንግሥቷን ነገር ብቻ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ ያለውንም ዘመን እንደ ሙት ዘመን ቈጥሮ ያልፈዋል። ለአገር አስተዳደር የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በደብረ ብርሃን አጠገብ የነበረችው ልቼም የንጉሥ ከተማ ነበረች፤ ንጉሡ በተነሡ ጊዜ ግን ሕዝቡ አብሮ ተነሥቶ ዛሬ የቀረው ፍርስራሽ ነው። አንኮበር እንደ ልቼ ያልሆነችው በምን ምክንያት ነው? ምላሹ ከቤተ መንግሥቱ ታሪክ ይልቅ ከእርሻውና ከገበያው ይገኛል።

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የከተማይቱ ስም የወጣው አንኮ ከምትባል የአገሩ ባላባት ሴት ነው፤ ስፍራውም የእርሷ በር ስለ ነበረ አንኮ በር ተባለ ይላሉ። የስሙ አወጣጥ እንዲህ ይሁን አይሁን፣ በር መባሉ ለስፍራው የተገባ ነው፤ ከቈላ ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴም ሆነ ጦር በዚህ ገደል ለማለፍ ይገደድ ነበርና። ከ1737 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ ሸዋን የገዙት መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ መቀመጫቸውን በዚህ አደረጉ። ከእርሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓመተ ምሕረት ድረስም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በተከታታይ አገር አስተዳደሩ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የከተማይቱ ሕዝብ ከ12 ሺህ እስከ 15 ሺህ ይደርሳል ብለው የገመቱ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ይህ በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያ ከተማ ትልቅ ቍጥር ነው።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለውጭ አገር እንግዶች በራቸውን የከፈቱ ሰው ነበሩ። በ1831 ዓመተ ምሕረት ጀርመናዊው ሰባኪ ክራፕፍ፣ በሚከተለው ዓመት ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር፣ በ1833 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ደግሞ ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ሻምበል ሐሪስ አንኮበር ደረሱ። እነዚህ ሰዎች ያዩትን ሁሉ እየጻፉ ስለ ሄዱ፣ የከተማይቱና የገጠሩ ኑሮ በዚያን ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበረ ከጽሑፋቸው ብዙ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል፣ ዲሜጥሮስ የሚባል ባሕር ማዶ የመጣ ጠራቢ ለንጉሡ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ እንደ ነበረና፣ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉ ወፍጮው ሥራ ፈትቶ እንደ ቀረ ይናገራሉ። ሴቶቹም እንደ ቀድሞው ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ መፍጨታቸውን ቀጠሉ። አዲስ መሣሪያ ወደ ገጠር ለሚያስገባ ሹም ይህ ወሬ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ከመተከሉ በፊት በሕዝቡ ዘንድ ቃሉ የሚሰማው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ደግሞም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ረሃብ በገባ ጊዜ የንጉሡ ጎተራ ተከፍቶ ለሕዝብ እህል መታደሉ ተጽፏል። ገባሩ በደኅና ዘመን ያስገባው እህል በክፉ ዘመን ተመልሶ ወጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ እንዲህ ያለው ጎተራ የሚጠቅመው ንጉሡ በስፍራው እስካሉ ድረስ መሆኑ ነው። ንጉሡ ከሄዱ ጎተራውም ይሄዳል። አንኮበርም ከዚያ በኋላ ሌላ ጎተራ አስፈለጋት፤ እርሱም ገበያው ነበር።

የገበያው ነገር እንዲገባ አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ ማስተዋል ያሻል። ከባሕር ዳር ከታጁራ የሚነሣው የነጋዴ ጓዝ በግመል ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ ይመጣና ከይፋት ቈላ ከፋሬ ሲደርስ ይቆማል። ግመል ገደል አይወጣምና ጭነቱ ሁሉ ከዚያ ወርዶ ወደ አህያና ወደ በቅሎ፣ ወይም ወደ ሰው ጀርባ ይዛወራል። ከፋሬና ከአንኮበር መካከል ባለችው በአልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። እዚያም ከደጋ ገብስ፣ ማር፣ በግና የሱፍ ልብስ፣ ከቈላ ጥጥና በርበሬ፣ ከባሕር ዳር ጨርቅና መዳብ ይገናኙ ነበር፤ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ይቈጠር ነበር። በዚያው መንገድ ባሪያም ይሸጥ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም፤ ይህ ንግድ በመላ ኢትዮጵያ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓመተ ምሕረት በወጣው ዐዋጅ ነው።

በአልዩ አምባና በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ ብዙው አርጎባ ነው። ሃይማኖቱ እስላም ሲሆን፣ ከአማርኛ ጋር የሚዛመድ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ዛሬ ግን ብዙው ሰው የሚናገረው አማርኛ ነው። አርጎባ በእርሻው ላይ ንግድንና ሽመናን ደርቦ የያዘ ሕዝብ ነው። የደጋው ክርስቲያን ኩታና ጋቢ ለመሸመን የሚሆነው ጥጥ ከበታቹ ካለው ከዚሁ አገር ይመጣለት ነበርና፣ ሁለቱ ወገኖች በገበያ ሲገናኙ የኖሩት ከቤተ መንግሥቱ ትእዛዝ የተነሣ ሳይሆን አንዱ ያለ አንዱ የማይሆንለት ስለ ሆነ ነው።

በ1848 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ፣ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞተው ልጃቸው ምኒልክ ገና ሕፃን ሳሉ ተማርከው ተወሰዱ። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓመተ ምሕረት ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ። አንኮበር እንደ ገና የንጉሥ ከተማ ሆነች፤ ዳሩ ግን ንጉሡ ወደ ልቼ፣ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ እየራቁ ሄዱ። በ1879 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ተቈረቈረች። በዚያው ዓመት አርቱር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ ቀድሞ ባለቅኔ የነበረ ኋላም ነጋዴ የሆነ ሰው፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ አራት ወር ያህል በበረሃ ተንከራትቶ አንኮበር ቢደርስ ንጉሡን አጣቸው። እስከ እንጦጦ ድረስ ተከትሎ መሄድ ግድ ሆነበት። የከተማይቱ ነገር እንዴት እንደ ተለወጠ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም፤ መንገዱ ገና በአንኮበር በኩል ነበረ፣ የመንገዱ መድረሻ ግን ሌላ ሆኗል።

ጥቂት ቈይቶ መንገዱም ራሱ ተለወጠ። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓመተ ምሕረት ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ደረሰ። የግመሉ ጓዝ ሥራ አነሰው። ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት በነበረው የወረራ ዘመን ጣልያን ወደ ደሴ የሚሄደውን የመኪና መንገድ ሲሠራ፣ በጣርማበር ተራራውን ፈልፍሎ ወደ ደብረ ሲና አወረደው፤ አንኮበርም ከዋናው መንገድ ውጭ ቀረች። ንጉሥ፣ ነጋዴና መኪና በተራ በተራ ጥለዋት ሄዱ ማለት ነው። ከዚህም በፊት ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ገብቶ ከብቱ በበሽታ አልቆ ነበርና፣ ገበሬው በሬ አጥቶ መሬቱን በዶማ እስከ መቈፈር ደርሶ ነበር።

ከተማይቱ ግን አልጠፋችም። ምክንያቱን ለመረዳት የአገሩን ዝናምና አዝመራ በወር በወር መከታተል ያስፈልጋል።

በደጋው ሁለት ዝናም አለ። አንደኛው ከየካቲት ጀምሮ የሚጥለው በልግ ነው፤ ሁለተኛው ክረምት ነው። በበልግ የተዘራው ገብስ በሰኔና በሐምሌ ይሰበሰባል፤ በክረምት የተዘራው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። በቈላው ያለው ገበሬ ዋና እህሉ ማሽላ ነው፤ ማሽላውም የሚገባው ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ሰኔና ሐምሌ ለቈላው ሰው ጎተራው የሚጎድልበት፣ አዲሱ እህልም ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። በዚሁ ጊዜ ከላይ የበልግ ገብስ ይደርስለታል። በአንጻሩ በልግ የቀረበት የደጋ ሰው እስከ ኅዳር ድረስ የሚበላው ሲያጣ፣ በግ እየሸጠ ከቈላ የመጣ ማሽላ ይገዛል። አንዱ ሲርበው ሌላው የሚያጎርሰው በዚህ ዓይነት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የቈላው በርበሬ፣ ሎሚ፣ ጫትና ማሾ አለ፤ የደጋው ሱፍ፣ ቅቤና ድርቆሽ አለ። ሁለቱ አገሮች በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ የሚገኙ ስለ ሆኑ፣ ጠዋት ከቈላ የተነሣ ሰው አህያውን እየነዳ ወደ ደጋ ገበያ ይደርሳል። አንኮበርን ያቆያት ይህ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ዳሩ ግን ሁለቱም በአንድ ዓመት የተጎዱ እንደ ሆነ፣ ገበያው ምንም ሊያደርግ አይችልም። በልግ ቀርቶ ክረምቱም በቶሎ የወጣ እንደ ሆነ ደጋውም ቈላውም ገዢ ይሆናል፤ ሻጭ አይኖርም። ያን ጊዜ የበግና የፍየል ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ገበሬውም ጥጃውን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻ የሚያርስበትን በሬ ይሸጣል። በሬ ወደ ገበያ መውጣት የጀመረበት ዓመት ረሃቡ ቀድሞ የገባበት ዓመት ነው፤ አስቀድሞ ለማወቅ የሚሻ ሹም በልግ በቀረ ጊዜ ከሚያዝያ ጀምሮ የበግ ዋጋ ከማሽላ ዋጋ ጋር እንዴት እንደ ሆነ በየሳምንቱ ቢያስጽፍ የሚያስፈልገውን ወሬ ከዚያው ያገኛል።

የሕዝቡም ማኅበራዊ ኑሮ በዚሁ እርሻና ገደል ላይ የተመሠረተ ነው። መሬቱ ተዳፋት ስለ ሆነ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶ በጊዜ ሊያገባ አይችልም። ስለዚህ ወንፈል አለ፤ ይኸውም ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ ተባብሎ የሥራ ቀን መበዳደር ነው። ደቦ ግን ባለ ሥራው ምግብና ጠላ አሰናድቶ ጎረቤቱን ሁሉ የሚጠራበት ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። ወንፈል ብድር ነውና ጉልበት የሌለው ሰው አይገባበትም፤ ባልቴትና ሕመምተኛ የሚረዱት በደቦ ነው፤ ለደቦ ደግሞ ጠላ የሚጠመቅበት ጌሾና ገብስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገብስ በጠፋ ዓመት መጀመሪያ የሚጎዱት ደቦ መጥራት ያቃታቸው ድኾች ናቸው፤ ማሳቸው ያለ አረም ይቀራል፣ በሚመጣውም ዓመት ያገኙት ያንሳል።

በከተማይቱ ውስጥ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ ሚካኤልና ጊዮርጊስ የመሳሰሉት ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የነበሩ አጥቢያዎች ናቸው። እያንዳንዱ አጥቢያ ሰንበቴ አለው፤ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ያመጣውን ዳቦና ጠላ ሁሉም አብሮ ይቀምሳል፣ የአገሩም ወሬ በዚያ ይወራል። ማኅበር በወር በወር በቅዱሱ ቀን ይጠጣል። ለቀብር እድር፣ ለንግድ እቁብ አለ። በእስላሙ በኩልም የዱዓ መሰብሰቢያና የመረዳጃ ልማድ አለ። የድንበር፣ የመስኖ ውሃና አዝመራ የበላ ከብት ነገር በተነሣ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ብዙው ጠብ ከዳኛ ፊት ሳይደርስ በዚያው ያልቃል። በቀድሞ ዘመን ሌባ ሲጠፋ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ስፍራ የሚሰበሰብበት አውጫጭኝ የሚባል ሥርዐት ነበረ፤ ሥራ በሚበዛበት ወር ገበሬውን ለብዙ ቀን ከእርሻው እያስቀረ ያስቸግር ስለ ነበረ መቅረቱ የሚያስቈጭ አይደለም።

የመሬቱ ይዞታ እስከ 1967 ዓመተ ምሕረት ድረስ በርስት፣ በቤተ ክርስቲያን መሬትና በመንግሥት መሬት የተከፋፈለ ነበር። በነገሥታቱ ዘመን በከተማይቱ ዙሪያ ያሉት መንደሮች እያንዳንዳቸው ለቤተ መንግሥቱ የሚሰጡት አገልግሎት ነበራቸው፤ እንጨት የሚያቀርብ፣ ከብት የሚጠብቅ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ነበረ። ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ግን መሬት የሚያርሰውን ሁሉ ሲያገለግሉ ኖረው በክብር ከሁሉ በታች ይቈጠሩ ነበር። ያለ ማረሻ አገር አይታረስምና ይህ ንቀት ለእርሻው ራሱ ጉዳት ነበረ፤ ልጅ የአባቱን ጥበብ እየተወ ሲሄድ ማረሻ ከሩቅ ገበያ ይገዛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ባለ ርስትና ጭሰኛ የሚባለው ነገር ቀርቷል፤ የቀረው ችግር የመሬቱ መጥበብና የአፈሩ መታጠብ ነው።

አፈሩ የሚታጠበው በዚህ መንገድ ነው። ተዳፋቱ ላይ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ሲቈረጥ፣ የበልግ ዝናም ገና በቀል ያልሸፈነውን እርሻ ያገኘዋል። የመጀመሪያው ኀይለኛ ዝናም ከክረምቱ ይልቅ የሚጎዳው ስለዚህ ነው፤ ክረምት የሚያገኘው ቡቃያ የለበሰ ማሳ ነው፣ በልግ የሚያገኘው ግን የተከሰከሰ አፈር ነው። ውሃው አፈሩን ይዞ በአይራራና በሌሎቹ ወንዞች ወደ አዋሽ ይወርዳል። በድንጋይ እርከን የተያዘው ማሳ አፈሩን ሲያቆይ፣ እርከኑ የፈረሰው አጠገቡ ያለው ማሳ ድንጋዩን እያሳየ ይሄዳል። እርከን አንዱ ገበሬ ብቻውን ቢሠራው አይጠቅምም፤ ከበላዩ ያለው ጎረቤቱ ካልሠራ ጎርፉ ከላይ መጥቶ የበታቹን ያፈርስበታል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከተራራው ራስ ነው። ከታች የጀመሩት ብዙ ጊዜ ድካማቸው በአንድ ሌሊት ተወስዶባቸዋል።

በከተማይቱ አቅራቢያ ወፍ ዋሻ የሚባለው ጫካ አለ፤ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ፣ ከፍ ሲልም አስታ ይገኝበታል። የገደሉ አፋፍ ደግሞ በስሟ የምትጠራ ትንሽ ወፍ መኖሪያ ነው፤ ይህች ወፍ በሊቃውንት መዝገብ የገባችው በ1971 ዓመተ ምሕረት ሲሆን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ለጫካው የሚጨነቅ ሰው ግን ለወፍ ብቻ ብሎ አይደለም፤ የቈላው ገበሬ በበጋ በመስኖ የሚያጠጣበት ምንጭ የሚመነጨው ከዚህ ጫካ ሥር ነው። ላይኛው ሰው አንድ ጽድ ሲቈርጥ ታችኛው ሰው ሎሚው ይደርቅበታል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ስብሰባ ላይ የሚገናኙት ጥቂት ጊዜ ነው። ባሕር ዛፍ በየቤቱ ደጅ በመተከሉ ጫካው ጥቂት ዕረፍት አግኝቷል፤ ከምንጭ አጠገብ የተተከለው ግን ውሃውን ስለሚጠጣው ከምንጩ አርቆ መትከል ይገባል።

ጥንት ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ኮረብታ ላይ ዛሬ በቀድሞው አዳራሽ አምሳል የተሠራ የእንግዶች ማረፊያ ይገኛል፤ የወረዳው መሥሪያ ቤቶች ያሉት ግን በጎረቤላ ነው። ታሪክ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ባላገሩ በገበያ ቀን የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው፤ ከአልዩ አምባ በኩል አህያ ማሽላ፣ ከደጋው በኩል አህያ ገብስ ጭኖ ይመጣል። በክረምት ይህ የአህያ መንገድ በጎርፍ ሲቈረጥ፣ ከላይና ከታች ባለው ገበያ መካከል የአንድ ቁና እህል ዋጋ በአንድ ሳምንት ይራራቃል። መንገዱ ተጠርጎ ድንጋይ ሲነጠፍበት ዋጋው ተመልሶ ይቀራረባል። ይህን ጥርጊያ ሁለቱ ወገኖች ከገደሉ ወገብ እየተገናኙ በየፊናቸው ሲሠሩት የኖሩ ሲሆን፣ ሥራው የሚሠራው በመስከረም፣ ዝናሙ እንደ ቆመና አጨዳው ከመጀመሩ በፊት ነው።